ካዝናውን ከፍቶ ወርቅ ያገኘው ኩባንያ

ለአንድ የወርቅ ማዕድን ኩባንያ ትልቁ ምሥጢር ወርቁ አይደለም። ወርቁ የት እንዳለ የሚጠቁመው መረጃ ነው። መሬቱ ሲቦረቦር የወጣው የድንጋይ ናሙና፣ የጉድጓዶቹ ጥልቀት፣ የጂኦሎጂ ካርታው፣ ለዓመታት የተጠራቀመው የላብራቶሪ ውጤት። በዚህ ሙያ እንዲህ ያለ ዳታ ለባዳ አይታይም። ተቆልፎበት ይቀመጣል።

ጎልድኮርፕ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ይህን ሁሉ አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ አሰጣው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ኩባንያው ጭንቅ ላይ ነበር። ሬድ ሌክ የተባለው ማዕድኑ የነጠፈ ይመስላል። የራሱ ጂኦሎጂስቶች በጥልቁ ብዙ ወርቅ ሳይኖር አይቀርም ይላሉ፤ የቱ ጋ እንደሚቆፈር ግን በእርግጠኝነት የሚናገር ጠፋ። የኩባንያው ኃላፊ ሮብ ማክዩዌን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ ሊኑክስ ስለተባለ፣ ኮምፒውተርን ስለሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ሲወራ ሰምቶ ነበር። በዓለም ዙሪያ የተበተኑ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ኮዱን በግልጽ አስቀምጠው አብረው ይሠሩታል። ነገሩ ከልቡ አልወጣም። የሶፍትዌር ሰዎች ኮድ ከከፈቱ እኛ ዳታ ብንከፍትስ?

አደረገው። የ55,000 ኤከር መሬት መረጃ፣ 400 ሜጋባይት የሚሆን፣ ለፈለገ ሁሉ ተለቀቀ። ወርቁ የሚገኝበትን ቦታ በተሻለ ለጠቆመ በድምሩ 575,000 ዶላር ሽልማት ተመደበ። ከ50 አገሮች ከ1,000 በላይ ሰዎች ገቡበት። ጂኦሎጂስት ብቻ አይደሉም። የሒሳብ ሰዎች፣ አማካሪዎች፣ ተማሪዎች፣ የጦር መኮንኖች ሳይቀሩ ነበሩበት። 110 ቦታዎች ተጠቆሙ። ግማሾቹን ኩባንያው ራሱ አስቦባቸው አያውቅም። ከእነዚህ አዳዲስ ቦታዎች ከመቶ ከ80 በላይ በሚሆኑት ወርቅ ተገኘ። አንደኛ የወጡት አውስትራሊያውያን ናቸው። ማዕድኑን በአካል አይተውት አያውቁም። ዳታውን ወስደው የመሬቱን ሆድ በኮምፒውተር በሦስት አውታር ሣሉት፤ ከዚያ «እዚህ ጋ» ብለው አመለከቱ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ምሥጢር ማውጣት እንደሚያዋጣ ማስረጃ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አለበት እላለሁ። ልብ በሉ፣ ማክዩዌን የከፈተው ዳታውን ነው። መሬቱን አልሰጠም። የመቆፈር መብቱም በእጁ ነው። ወርቁ የቱ ጋ እንዳለ ዓለም ሁሉ ቢያውቅ፣ ቆፍሮ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። በር መክፈትና ቤት ማስረከብ አንድ አይደሉም። ክፍትነት የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ይህችን ልዩነት መያዝ ግማሽ መንገድ ነው። ምን ተከፈተ? ምን ተይዞ ቀረ? የተከፈተውንስ ማን ይጠብቀዋል? በየታሪኩ እነዚህን ሦስቱን እየጠየቅን እንሂድ።

ወረቀት የሚነክሰው ማተሚያ

ማንኛውም ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው ነው። ምንጭ ኮድ ይሉታል። ሌላው ማሽኑ ብቻ የሚገባው የዜሮና የአንድ ድርድር ነው። ሶፍትዌር ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ሁለተኛው ነው። ይሠራላችኋል፤ ውስጡን ግን ማየት አትችሉም። ቢበላሽም አታስተካክሉትም።

በ1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላብራቶሪ ውስጥ፣ አዲስ የሌዘር ማተሚያ በስጦታ ገባ። ፈጣን ነው። ግን ወረቀት ይነክሳል። የላካችሁትን ገጽ ልትወስዱ ስትሄዱ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ የቆመው ደግሞ ከእናንተ በፊት በላከው ሰው ወረቀት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ የላብራቶሪው ፕሮግራመር ለቀድሞው ማተሚያ መላ ዘይዶለት ነበር። ኮዱን ቀይሮ፣ ወረቀት በያዘው ቁጥር ለሚጠብቁት ሰዎች ኮምፒውተራቸው ላይ መልእክት እንዲደርሳቸው አደረገ። ለአዲሱም እንዲሁ ሊያደርግ ፈለገ። ኮዱ ግን ከማሽኑ ጋር አልመጣም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮዱ ያለው ሰው እንዳለ ሰማና ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው ለማንም ላላሳይ ፈርሜአለሁ ብሎ ከለከለው።

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን አስቡት። ችግሩ ይታወቃል። መፍትሔውን የሚያውቅ ሰው አለ። ለመሥራትም ዝግጁ ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ። በመካከል የቆመው የተቆለፈ ፋይል ብቻ ነው። ስቶልማን በ1983 ማንም የሚያየው፣ የሚቀይረው፣ የሚያካፍለው የኮምፒውተር ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ፕሮጀክቱን ጂኤንዩ አለው።

ከኮዱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን በ1989 ያወጣው የፈቃድ ሰነድ ነው። ጂፒኤል ይባላል። የቅጂ መብት ሕግ ለባለቤቱ «ያለ እኔ ፈቃድ አትቅዳ» የማለት ሥልጣን ይሰጠዋል። ስቶልማን ይህንኑ ሥልጣን ገለበጠው። ውሰድ፣ አንብብ፣ ቀይር፣ ብትፈልግ ሽጠው። ቀይረህ ለሌላ ስታስተላልፍ ግን ኮዱን አብረህ ስጥ፤ አንተ ያገኘኸውን መብት እሱም ያግኝ። ክፍት የሆነውን ማንም መጥቶ መልሶ እንዳይቆልፈው በሕግ ታሰረ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎቻችን መልስ ይህ ነው። ኮዱ ተከፈተ፤ ደንቡ ግን ተይዞ ቀረ።

በኦገስት 25 ቀን 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አንድ ሥርዓት እየሠራሁ ነው፣ ያን ያህል ትልቅ አይሆንም፣ አስተያየት ስጡኝ ብሎ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት በጂፒኤል ፈቃድ ሥር አደረገው። ያ ነው ሊኑክስ። ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮች እምብርት እሱ ነው። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው በዝርዝር የሚወጡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሱ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ብቻውን ጻፈ ማለት አይደለም። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቁራሽ ቁራሽ አዋጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ነው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጠራጠራል። ልክም ነው። ደመወዝ ከፍሎ ያስጻፈውን ኮድ በነፃ የሚለቅ ነጋዴ አብዷል እንዴ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ አንድ ኩባንያ የሚያሸንፍበትንና የሚያስፈልገውን ብቻ መለየት ያሻል። ባንክ ኮምፒውተሮቹን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ግን ደንበኛ ባንኩን የሚመርጠው በኮምፒውተር ሥርዓቱ አይደለም። ተፎካካሪውም ያንኑ ሥርዓት ይፈልጋል። ሁለቱ ለየብቻ አንድ ዓይነት መሠረት ከሚያፈሱ መሠረቱን አብረው ቢያወጡና ከዚያ በላይ ባለው ቢፎካከሩ ሁለቱም ያተርፋሉ። ኮድ ደግሞ የተለየ ንብረት ነው። እኔ ስለተጠቀምኩበት ለእናንተ አይጎድልም።

ትልቁ የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም ይህን ቀድሞ ገባው። በ2000 መጨረሻ ላይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሊኑክስ 1 ቢሊዮን ዶላር አወጣለሁ አለ። ሌሎች ግን ጠሉት። በ2001 የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን ከካንሰር ጋር አመሳሰለው። የፈራው ያንን የጂፒኤል ደንብ ነው፤ የነካውን ሁሉ ክፍት ያደርጋል ብሎ። 17 ዓመት ቆይቶ፣ በ2018፣ ያው ማይክሮሶፍት ጊትሀብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ጊትሀብ የዓለም ፕሮግራመሮች ክፍት ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሠሩበት ዋናው ቦታ ነው። እንዲህ ያለ መገለባበጥ የሚመጣው ልብ ስለራራ አይደለም። ሒሳቡ ስለተለወጠ ነው።

ሬድ ሃት የተባለውን ኩባንያ ደግሞ እዩት። የሚሸጠው ሊኑክስን ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ እስከ 2023 ድረስ የፈለገ ሁሉ በነፃ ያገኘው ነበር። በ2019 ግን አይቢኤም 34 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰደው። ምን ገዛ? ኃላፊነት ነው የገዛው። ሆስፒታልና አየር መንገድ የሚከፍሉት ለፕሮግራሙ አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሣ፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ በዚያው ቀን የሚደፍን፣ ለአሥር ዓመት አልጠፋም ብሎ የሚፈርም ሰው ይፈልጋሉ። ዕቃው ርካሽ ሲሆን ዋስትናው ይወደዳል። በኔ ግምት ክፍትነት በንግድ ላይ ካመጣቸው ለውጦች ትልቁ ይህ ነው፤ ብዙም አይወራለትም።

ሁሉም ግን ገንዘብ ተሰልቶበት የተከፈተ አይደለም። አሁን በየቀኑ የምንጠቀምበትን ድረ ገጽ የሚባለውን ቴክኖሎጂ ቲም በርነርስ ሊ የሠራው በአውሮፓው የምርምር ተቋም በሰርን ነው። ተቋሙ በኤፕሪል 30 ቀን 1993 ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበት ብሎ ለቀቀው። በየገጹ ክፍያ ቢጠየቅ ኖሮ ዛሬ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ይከብደኛል።

ከማበላሸት ማረም ሲቀል

ዊኪፒዲያ ከመምጣቱ በፊት ኑፒዲያ የሚባል ነበር። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር በ2000 የጀመሩት የኦንላይን ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ጽሑፎቹን የሚያዘጋጁት ምሁራን ናቸው። አንድ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ሰባት የግምገማ ደረጃዎችን ማለፍ አለበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያለቁት ጽሑፎች ግን 30 አልሞሉም።

በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ለኑፒዲያ ረቂቅ የሚዘጋጅበት ጓዳ እንዲሆን ታስቦ ዊኪፒዲያ ተከፈተ። ማንም ገብቶ ይጽፋል፣ ማንም ያርማል። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ 20,000 ጽሑፎች ነበሩት። ጓዳው ሳሎኑን ዋጠው።

ይህ ለምን ሠራ? ሰው ሁሉ ጨዋ ስለሆነ አይደለም። ተሳዳቢም፣ ዋሾም፣ ሆን ብሎ የሚያበላሽም ሞልቷል። ምሥጢሩ ያለው «ታሪክ» የምትለዋ ቁልፍ ጋ ነው። የየትኛውንም ጽሑፍ ታሪክ ክፈቱ። ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደጨመረና ምን እንደሰረዘ ሁሉም ተመዝግቧል። አንዱ ገብቶ አንድ አንቀጽ ቢያጠፋ ቀዳሚው እትም እዚያው አለ። አንዴ ጠቅ ማድረግ ነው፤ ይመለሳል። አጥፊው ለማበላሸት ደቂቃ ይፈጅበታል። አራሚው ለመመለስ ሰከንድ ይበቃዋል። ከማበላሸት ይልቅ ማረም ሲቀል አጥፊው ቀድሞ ይደክመዋል። ብዙ ሰው ዊኪፒዲያን «ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት» ይለዋል። ጸንቶ እንዲቆም ያደረገው ግን «ማንም የጻፈው ለሁሉም የሚታይበት» መሆኑ ነው።

ያም ሆኖ ወድቆ ያውቃል። በ2005 ጆን ሴይገንታለር የተባለ አንጋፋ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ በስሙ በተከፈተ ጽሑፍ ውስጥ ከፕሬዝዳንት ኬኔዲ ግድያ ጋር የሚያያይዘው ውሸት ተጽፎ አገኘ። ውሸቱ ለወራት እዚያ ተቀምጧል። ማንም አላየውም፤ ምክንያቱም ገጹን የሚጎበኝ ሰው ጥቂት ነው። የሕዝብ ዓይን ስሕተት የሚያርመው የሚያይ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ጽሑፍ እንዳይከፍት ተከለከለ። በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፍ አከራካሪ ነገርም ምንጭ ከሌለው ወዲያው እንዲነሣ ደንብ ወጣ። ሲወድቁ ደንብ እየጨመሩ ነው እዚህ የደረሱት።

የቀረ ጉድለትም አለ። ከሚጽፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ጥቂት ቋንቋዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ጽሑፍ ሲኖራቸው ሌሎች ብዙዎች ጥቂት ሺህ እንኳ የላቸውም። በሩ ክፍት መሆኑና ሁሉም መግባቱ ይለያያል። ለመግባት ትርፍ ጊዜ፣ ኢንተርኔት፣ ተነባቢ ምንጭ፣ ደግሞም «የኔ ዕውቀት እዚህ ቦታ አለው» የሚል ድፍረት ያስፈልጋል። ይህንን ማንም የፈቃድ ሰነድ አይሰጥም።

ካርታውና ቫይረሱ

ከንግድ ወጣ እንበል። በጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ ፈራረሰች። ለእርዳታ የመጡት ሰዎች የገጠማቸው ችግር ያልተጠበቀ ነው፤ ዝርዝር ካርታ አልነበረም። የትኛው መንገድ የት ያደርሳል? የትኛው ተዘግቷል? ሆስፒታሉ የት ነው?

ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለ፣ ስቲቭ ኮስት በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የጀመረው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የዓለም ካርታ አለ። የሳተላይት ምስል ያላቸው ድርጅቶች አዳዲስ ምስሎችን ከፈቱ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሄይቲን ረግጠው የማያውቁ፣ ቤታቸው ሆነው ምስሉን እያዩ መንገዱን በመዳፊት መሣል ጀመሩ። ይህ መንገድ ነው። ይህ የፈረሰ ድልድይ ነው። ይህ አደባባይ ላይ የተተከለ ድንኳን ነው። በቀናት ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ዝርዝር ካርታ ተገኘ፤ ነፍስ አድን ሠራተኞችም በእጅ መሣሪያቸው ላይ ጭነው ይዘውት ወጡ። አንድ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሣላት መስመር ውቅያኖስ ማዶ አምቡላንስ ስትመራ ሳስብ አሁንም ውስጤን ይነካኛል።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህም ይፈጥናል። በጃንዋሪ 11 ቀን 2020 ዓለም ገና ስሙን ያላወጣለት የአዲሱ ኮሮና ቫይረስ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ወደ 30,000 የሚጠጉ ፊደላት ናቸው። የለየው የቻይናው ሳይንቲስት ዣንግ ዮንግዠን ቡድን ነው፤ ያወጡት በሲድኒው የሥራ ባልደረባቸው በኤድዋርድ ሆምስ በኩል ነው። ሞደርና በሁለት ቀን ውስጥ የክትባቱን ንድፍ ጨረሰ። ቫይረሱን በእጁ መያዝ አላስፈለገውም፤ ፊደላቱ በቂ ነበሩ። በማርች 16 የመጀመሪያው ሰው በሙከራ ተከተበ። ፊደላቱ በወጡ ማግስት ግን የዣንግ ላብራቶሪ ለማስተካከያ በሚል እንዲዘጋ ታዘዘ። መክፈት አንዳንዴ ከፋቹን ዋጋ ያስከፍለዋል።

ይህ ልማድ ከሰማይ አልወረደም። የሰውን ዘረመል ለማንበብ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የሚሠሩ ሳይንቲስቶች በ1996 ቤርሙዳ ላይ ተሰብስበው፣ ያነበቡትን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ለመልቀቅ ተስማምተው ነበር። የሳይንቲስት ክብሩ ቀድሞ ማሳተሙ ነው። ገና ሳያሳትሙ ዳታውን መልቀቅ ለብዙዎች መራራ ነበር። ተለመደ። ከ24 ዓመት በኋላ ያ ልማድ ወረርሽኝ ላይ ቀን ቆጠበ።

መክፈት የሚጎዳበት ጊዜ

እስካሁን ያነበበ ሰው ሁሉም ነገር ይከፈት የምል ሊመስለው ይችላል። አልልም። ኔትፍሊክስ በ2006 ፊልም የሚጠቁመውን ፕሮግራሙን በመቶ 10 ላሻሻለለት 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ውድድር ከፈተ። ለተወዳዳሪዎች ወደ 480,000 የሚጠጉ ደንበኞቹ ለፊልሞች የሰጡትን 100 ሚሊዮን ነጥብ ለቀቀ። ስም የለበትም፣ አድራሻ የለበትም። ሁለት ተመራማሪዎች ግን ይህንን ሰዎች በሌላ ድረ ገጽ ላይ በስማቸው ከሰጡት ነጥብ ጋር አስተያዩት። የተወሰኑ ሰዎችን ለይተው አገኟቸው። ለስምንት ፊልም የተሰጠው ነጥብና የተሰጠበት ግምታዊ ቀን አብዛኛውን ጊዜ አንድን ሰው ለመለየት ይበቃል ማለት ነው። ሽልማቱ በ2009 ተከፈለ፤ ሁለተኛው ውድድር ግን በ2010 ተሰረዘ። የተከፈተው ዳታ የኩባንያው ሳይሆን የደንበኞቹ ገመና ነበር። የወርቁን ታሪክ አስታውሱ። ማክዩዌን የከፈተው የድንጋይ መረጃ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ገመና የለውም።

የሕዝብ ዓይንም ሁልጊዜ አይታመንም። በ2013 የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ኦንላይን የተሰበሰቡ ሰዎች ፎቶ እያገላበጡ ጥፋተኛ ፍለጋ ገቡ። ምንም ያላደረጉ ሰዎችን በስም ጠሩ። ቤተሰብ ተሰቃየ። ልዩነቱ የት ነው? ዊኪፒዲያ ላይ ስሕተት ይመለሳል። የሰው ስም ግን አንዴ ከጎደፈ የሚመልሰው ቁልፍ የለም። ስሕተቱ የማይመለስ ከሆነ ሥራው ለሕዝብ ግርግር አይሰጥም።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። ሰዎች ለዓመታት በነፃ የጻፉት፣ ያረሙት፣ የመለሱት፣ ኮድ አድርገው የለቀቁት ሁሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሚሠለጥኑበት ማዕድን ሆኗል። አንዳንዱ ይህ የክፍትነት ፍሬ ነው ይላል። አንዳንዱ ጸሐፊዎቹ ይህን አስበው አልከፈቱም ይላል። ጉዳዩ በየፍርድ ቤቱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰው መልሱን ከፕሮግራሙ ካገኘ ወደ ምንጩ መሄድ ይተዋል። ወደ ምንጩ የሚሄድ ከጠፋ የሚያርምም ይጠፋል።

ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከሁሉም የከበደውም እሱ ነው። በኤፕሪል 2014 ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለ ክፍት ፕሮግራም ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። ፕሮግራሙ ፓስወርዳችሁና የባንክ ካርድ ቁጥራችሁ በኢንተርኔት ሲያልፍ የሚሸፍነው ነው። ቀዳዳው ሁለት ዓመት እዚያ ነበር። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ግን አላየውም። ትልልቅ ኩባንያዎች በነፃ የሚጠቀሙበት ይህ ፕሮጀክት በዓመት የሚያገኘው መዋጮ ወደ 2,000 ዶላር ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት አንድ ሰው ነበር። ሁሉም ሌላው እያየልኝ ነው ብሎ ተማምኖ ተኝቶ ነበር። ኩባንያዎቹ ከዚያ በኋላ ደንግጠው ገንዘብ አዋጡ።

አሥር ዓመት ቆይቶ ደግሞ የባሰ መጣ። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል የሚያሳንስ ትንሽ ፕሮግራም አለ። በአብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ ይገኛል። የሚጠብቀው አንድ ፊንላንዳዊ በጎ ፈቃደኛ ነው። በ2021 ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው መጣ። ጠቃሚ ማስተካከያዎች ይልካል፣ ትሑት ነው፣ ትጉህ ነው። በ2022 ደግሞ የማይታወቁ ስሞች ብቅ እያሉ ጠባቂውን ይወቅሱት ጀመር። ሥራው ዘገየ፣ ካልቻልክ ለሌላ ስጥ ይሉታል። እሱም ድካም ላይ እንዳለ፣ ሥራውም ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜ የሚሠራው እንደሆነ መለሰ። በመጨረሻ ለጂያ ታን ቁልፉን አካፈለው። በፌብሩዋሪ 2024 ጂያ ታን በአዲሱ እትም ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አስገባ። በሩ የራሱ ቁልፍ ላለው ሰው ሰርቨሩን አሳልፎ የሚሰጥ ነው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እንዴት ተያዘ? አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር የዳታቤዝ ፍጥነት እየለካ ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ በርቀት ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ይከፍትና ያልፋታል። እሱ ለምን አለ። ክሩን እየተከተለ ሄደ። ኮዱ ክፍት ስለነበር መሄድ ቻለ። በማርች 29 ቀን 2024 ያገኘውን ለሁሉም ጻፈው። ክፉው እትም ገና በሙከራ ላይ ካሉት ሥርዓቶች አልፎ በዓለም ሰርቨሮች ላይ ሳይሰራጭ ተደረሰበት።

ይህን ታሪክ አንዱ የክፍትነት ድል፣ ሌላው የክፍትነት ውርደት አድርጎ ይነግራችኋል። ለኔ ሁለቱም እውነት ነው። ተንኮለኛው የገባበት በር ክፍት ነበር። ያጋለጠውም የገባው በዚያው በር ነው። የሚያሳዝነኝ በመካከል ያለው ሰው ነው። ቢሊዮን የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች የተደገፉበትን ነገር ብቻውን ተሸክሞ ሲደክመው፣ አግዝሃለሁ ብሎ የመጣው ሌባው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ድርጅት ያላችሁ ወይም የምትሠሩበት ሰዎች፣ ክፍት ነገር ስትጠቀሙ አንድ ነገር አድርጉ። የምትደገፉባቸውን ፕሮጀክቶች ዝርዝር አውጡ። ከያንዳንዱ ጀርባ ስንት ሰው እንዳለ እዩ። አንድ ብቻ ከሆነ የሠራተኛችሁን ግማሽ ቀን ለግሱት፣ ያገኛችሁትን ስሕተት አርማችሁ ላኩ፣ ቢቻል ደግሞ በየወሩ ክፈሉት። ለዚህ ያወጣችሁት ለራሳችሁ ቤት መሠረት ነው።

የኤክስዜድ ጉዳይ በተጋለጠ ሰሞን ጠባቂው እረፍት ላይ ነበር። ሰምቶ ተመለሰ። የገባውን ኮድ መስመር በመስመር መመርመር ጀመረ። በሜይ 2024 መጨረሻ ላይ የኋላ በሩ የወጣለት አዲስ እትም ተለቀቀ። የለቀቀው ያው ፊንላንዳዊ ነው።